የኮኮናት ወተቱ ለምን ተቆራረጠብኝ? ስለ ታይ ካሪ ኑድል ሾርባ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። እህቴ ታይላንድ ደርሳ ከመጣች ወዲህ ስለ ኮኮናት ካሪ ኑድል ሾርባ አውርታ አትጠግብም፤ እኔም ልሥራላት አልኩ። ሽንኩርት አቁላላሁ፣ በርበሬና ካሪ ዱቄት ጨመርኩ፣ ዶሮና ውሃ ከተትኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ቆርቆሮ የኮኮናት ወተት ገለበጥኩበት፤ ትንሽ ስለመሰለኝ ግማሽ ሊትር የላም ወተት ደገምኩት። ሎሚውንም እዚያው ጨመቅኩ። ሲንተከተክ ተቆራረጠ፤ ላዩ ዘይት፣ ውስጡ ነጭ ፍርፋሪ። ለማወፈር ዱቄት ስበጠብጥበት ሙጫ ሆነ፣ አብሮ የተቀቀለው ፓስታም ላሸቀ። ቆርቆሮው የተበላሸ ነበር? በኮኮናት ወተት ፋንታስ ምን ልጠቀም? የሩዝ ኑድል ካላገኘሁ ልተወው?»

ምላሽ፦ ቆርቆሮው አልተበላሸም። አንቺ ብልሽት ያልሽው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ጥፋት ነው፣ ሌላው ግን ጭራሽ የሚፈለግ ነገር ነው። ላዩ ላይ የተንሳፈፈው ዘይት የኮኮናቱ የራሱ ዘይት ነው፣ በዚህ ሾርባ ላይ መታየት አለበት። ነጩ ፍርፋሪ ግን የላሙ ወተት ነው። ወተት አፍልተሽ ሎሚ ስትጨምቂበት ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም፤ አይብ ነው የሚሆነው። አይብ ሠርተሽ ሾርባ ጠበቅሽ።

መጀመሪያ ስለየትኛው ሾርባ እንደምናወራ እንስማማ። ታይላንድ ውስጥ ኮኮናት የሚገባበት ካሪ ብዙ ነው፤ እንደዚህ ከኑድል ጋር በሳህን የሚቀርበው ታዋቂው ግን ካው ሶይ ይባላል። የሰሜኑ የቺያንግ ማይ ምግብ ነው። ከደቡብ ቻይና ከዩናን በበቅሎ ሲነግዱ ከኖሩ ሙስሊም ነጋዴዎች ጋር ስሙ ይያያዛል፣ ዛሬም ቺያንግ ማይ ባን ሆ መስጊድ አካባቢ ይሸጣል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በዶሮ ወይም በበሬ ሥጋ ነው የሚሠራው፤ የአሳማ ነገር ይኖርበት ይሆን ብሎ የሚሰጋ የድሬና የሐረር ሰው በቤቱ ሲሠራ የሚጎድልበት የለም። የተገዛ የካሪ ፔስት (አልሞ የታሸገ የካሪ ቅመም) ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሽሪምፕ ድልህ ስላለበት፣ አለርጂ ያለበት ሰው ማሸጊያውን ሳያነብ እንዳይነካው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት። ሽንኩርትሽን ለብቻ፣ ቅመምሽን ለብቻ፣ ኮኮናቱን መጨረሻ ላይ፤ ይሄ ነው ያጠፋሽ። ዶሮ ወጥ የሚያልቀው ቁሌቱ ላይ ነው አይደል? እዚህም ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ላይ ነው፤ ልዩነቱ ቅመሙ የሚቁላላው በቅቤ ወይም በዘይት ሳይሆን ከኮኮናቱ በሚወጣው ዘይት መሆኑ ነው። ወፍራሙን የኮኮናት ክሬም ብቻ ድስት ላይ ታደርጊያለሽ፣ መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰልሽ ውሃው እስኪተን ትጠብቂያለሽ። መጀመሪያ እንደ ገንፎ ፎክ ፎክ ይላል። ቀጥሎ ድምፁ ይቀየራል፣ እንደ መጥበሻ መንጨርጨር ይጀምራል፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ጥርት ያለ ዘይት ብቅ ይላል። ያኔ ነው የተፈጨው ቅመም የሚገባው። ቅመሙ በዚያ ዘይት ተጠብሶ ዘይቱ ራሱ ቀይና ብርቱካናማ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሥጋውና መረቁ ይከተላል። የዛላና የእርድ ቀለማቸውም አብዛኛው ሽታቸውም የሚሟሟው በዘይት ነው፤ ውሃ ውስጥ ብትዘፈዝፊያቸው ጥሬ ጥሬ ይላሉ፣ ምላስ ላይም እንደ አሸዋ ይቀራሉ። ያንቺው ሾርባም ጣዕም አልባ ሆኖብሽ ከነበረ ለዚህ ነው እንጂ ቅመም አንሶት አይደለም።

እዚህ ላይ የድሬ ሙቀት ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል። በየምግብ ማብሰያ ቪዲዮው ቆርቆሮውን ከፍተው ከላይ የረጋውን ክሬም በማንኪያ ሲያነሱ ታያለሽ። ሳቢያን ውስጥ በመጋቢት ያንን ብትሞክሪ ሁሉም ነገር ውሃ ሆኖ ነው የሚጠብቅሽ፣ «አቦ፣ በውሃ በርዘው ሸጡልኝ» ብለሽ ባለሱቁን ታማዋለሽ። አልበረዘም፤ ሙቀቱ ነው። ቆርቆሮውን ሳትነቀንቂ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው፣ ጠዋት ከላይ ረግቶ ታገኚዋለሽ። ሐረር ላይ ብዙውን ጊዜ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ ሌሊቱ ራሱ ያረጋዋል።

ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ። ለ100 ሚሊ ሊትር 17 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ስብ ካለው ጥሩ ነው። «ላይት» የተባለውን ተይው፣ ግማሹን ውሃ እየገዛሽ ነው። ስኳር ያለበት፣ ለጣፋጭና ለመጠጥ የሚሠራ የኮኮናት ክሬምም አለ፤ እሱም ለዚህ አይሆንም። በካርቶን የሚመጣው አብዛኛው ውሃና ስቡ እንዳይለያይ ማያያዣ ይጨመርበታል፣ ጓር ጋም ወይም ኢ 435 የሚል ታያለሽ። ለጤና አይደለም የማነሳው፤ እንዲህ ያለው ወተት ግማሽ ሰዓት ብታማስይውም ዘይቱን አይተፋም፣ እጅሽ ይደክማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረሽ ቅመሙን በሱ ጥበሺው፣ ወተቱን ቀስ በቀስ አስከትይ።

«በሱ ፋንታ ምን ልጠቀም» ላልሽው፣ የላም ወተት አይሆንም፣ የታሸገ ክሬምም አይሆንም፣ እርጎ ደግሞ ጭራሽ። አንዳንድ ምግብ ቤት ክሬም በእርድ አቅልሞ «ታይ ካሪ» እያለ ያቀርባል፣ መብቱ ነው፣ ግን ሌላ ምግብ ነው። ቆርቆሮው ከጠፋ ወይም ዋጋው ካናደደሽ ለኬክ የሚሸጠውን የተፈጨ ደረቅ ኮኮናት ግዢ፣ ስኳር የሌለበትን። 2 ኩባያ ኮኮናት ላይ 3 ኩባያ በጣም የሞቀ ውሃ አፍስሺ፣ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ በብሌንደር ምቺው፣ በንጹህ ጨርቅ አጥብቀሽ ጭመቂው። የመጀመሪያውን ጭማቂ ለብቻ አስቀምጪ፤ በገለባው ላይ 1 ኩባያ ሙቅ ውሃ ደግመሽ ሁለተኛውን ቀጭን ጭማቂ አውጪና ለመረቅ ተጠቀሚበት። የመጀመሪያው ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ከላይ ስቡ ይረጋል። እንደ ጥሩ ቆርቆሮ አይወፍርም፣ ሽታው ግን የማይናቅ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ስቡ ከገለባው አይላቀቅም፣ ነጭ ውሃ ብቻ ነው የምታገኚው።

በዱቄት መልክ የሚሸጥ የኮኮናት ወተትም አለ። እሱ ለጿሚዎች አንድ ወጥመድ አለበት፦ ብዙዎቹ ሶዲየም ኬዚኔት የሚባል ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ተጨምሮባቸዋል። የጾም ነው ብለሽ ለእንግዳ አቅርበሽ ኋላ ከምትሳቀቂ ማሸጊያውን ቀድመሽ እይው።

ወደ ቅመሙ እንምጣ። ካሪ ዱቄት መጠቀምሽ ስህተት አይደለም፣ ቺያንግ ማይም ይገባበታል። ስህተቱ ብቻውን መሆኑ ነው። በርበሬው ግን አይሆንም። የኛ በርበሬ ውስጥ አብሽ አለ፣ ነጭ አዝሙድ አለ፣ በሶብላ አለ፣ እንደየቤቱ ሌላም አለ፤ ከኮኮናት ጋር ሲገናኝ የሚያሸንፈው እሱ ነው፣ ሾርባሽ ጣፋጭ ወጥ ይሆናል። የሚያስፈልግሽ በርበሬ ከመሆኑ በፊት ያለው ዛላው ነው። ለ4 ሰው 5 ወይም 6 ዛላ ወስደሽ ዘሩን አራግፊ፣ 20 ደቂቃ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፊ። 5 ትንንሽ ቀይ ሽንኩርት (ከሐረማያ በኩል የሚመጣው ደቃቁ ከትልቁ ይሻላል፣ ውሃው ትንሽ ነው)፣ 6 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አንድ አውራ ጣት የሚያክል ዝንጅብል ሳትልጪ ምጣድ ላይ ጣያቸው፤ ልጣጩ እስኪጠቁር፣ ውስጡ እስኪለሰልስ። ይሄ ማጥቆር ቀልድ አይደለም፣ የካው ሶይ ጭስ ጭስ የሚል ሽታ ከዚህ ነው የሚመጣው። 1 የሾርባ ማንኪያ ድንብላል ቆልተሽ ውቀጪ። ታይዎቹ ጥቁር ካርዳሞም የሚሉትን ይጨምራሉ፤ አንቺ ያንን ፍለጋ አትንከራተቺ፣ የ2 ኮረሪማ ፍሬ ውቂበት። ዘመዳሞች ናቸው፣ እንደውም የኛው ለዚህ ሾርባ የዋህ ነው። 1 የሻይ ማንኪያ እርድ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ካሪ ዱቄት፣ ትንሽ ጨው። ሁሉንም በሙቀጫ ወይም በብሌንደር አልሚው። ብሌንደር ከሆነ በውሃ ሳይሆን ከኮኮናት ወተቱ በማንኪያ ቆንጥረሽ አርጥቢው፤ ውሃ ከገባበት አይጠበስም፣ ይቀቀላል እንጂ። ጠጅ ሳር ብዙ ሰው የግድ ይመስለዋል። ለሻይ የምንጠቀምበት ራሱ ነው፣ ከታች ነጩን ክፍል ከትፈሽ ብትጨምሪ አይከፋም፤ በካው ሶይ ላይ ግን ባይኖርም ማንም አይፈርድብሽም።

ይሄን ሁሉ ቀፊራ ገበያ አንድ ዙር ዞረሽ ትጨርሺዋለሽ፤ ሐረር ያለ ሰውም ከሸዋ በር ገበያ ባዶ እጁን አይመለስም። የሚጎድልሽ ታይዎቹ በጨው ፋንታ የሚጨምሩት የዓሣ ሶስ ነው። አትጨነቂ። ቺያንግ ማይ ያሉት ሙስሊም ባለምግብ ቤቶች ሶይ ሶስ በብዛት ይጠቀማሉ፣ አንቺም 2 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስና 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሪ፣ ጨውን መጨረሻ ላይ ቀምሰሽ አስተካክዪ።

ዶሮው የፈረንጅ ከሆነ ጭኑን ውሰጂ፣ ደረቱ ይደርቅብሻል። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው። እሱን ኮኮናት ውስጥ ከትተሽ እስኪበስል ብትጠብቂ ወተቱ ያልቅበታል። ለብቻው በጨው ውሃ ቀቅዪው፣ መረቁን ለሾርባው ታደርጊዋለሽ። ሐረር ከድሬ ከፍ ስለምትል ውሃ ወደ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ድሬ ወደ 96 ነው፤ ትንሽ ትመስላለች ግን ጠንካራ ሥጋ ላይ ሰዓቱን ታስረዝማለች። የበሬ ሥጋ ካማረሽ ጎድን ምረጪ፣ ታገሺው።

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ግማሹን ወፍራም ክሬም ዘይቱን እስኪተፋ፣ ከዚያ ቅመሙን 5 ደቂቃ ያህል እያማሰልሽ። ዶሮውን አስገብተሽ ቅመሙን አልብሺው። 3 ኩባያ መረቅ፣ ሶይ ሶስ። የፈረንጅ ዶሮ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀሪው የኮኮናት ወተት የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከገባ በኋላም አይፍላ። ጠርዙ ላይ ትንሽ አረፋ ሲያነሳ እሳቱን ቀንሺ። የኮኮናት ወተትም ፕሮቲን አለው፣ ስታንተከትኪው ይሰበሰብና ፍርፋሪ ያወጣል። ሎሚ ድስቱ አጠገብ አይድረስ። ሎሚ የሚጨመቀው ሳህን ላይ ነው፣ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ።

ስለማወፈር። የስንዴ ዱቄት በዚህ ሾርባ ላይ ቦታ የለውም፤ ካው ሶይ ቀጠን ያለ ነው፣ ጥግብ የሚያደርገው ስቡ ነው። ወፈር ያለ ካልሆነ አልበላም ካልሽ ግን መንገድ አለ፣ እሱም ከዚያው አካባቢ የመጣ ነው። በርማዎች ኦን ኖ ካውስዌ የሚሉት የካው ሶይ ዘመድ አላቸው፣ የሚያወፍሩትም በሽምብራ ዱቄት ነው። አየሽ፣ ሽሮ ቤት ለሆንን ሰዎች ይሄ እንግዳ አይደለም። ቅመም ያልገባበት መሆን አለበት እንጂ፣ የቤቱን ሽሮ ጨምረሽ እንዳታቃጥዪኝ። 1 የሾርባ ማንኪያ በደረቁ ቆልተሽ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ፣ መረቁ ሲገባ አብረሽ አስገቢው፤ የሽምብራ ጥሬ ሽታ እንዲጠፋ ጊዜ ይፈልጋል።

የሩዝ ኑድል ግድ ነው የሚለውን ማን እንደነገረሽ እንጃ። ካው ሶይ የሚበላው በስንዴና በእንቁላል በተሠራ ጠፍጣፋ ኑድል ነው። ስለዚህ በእንቁላል የተሠራ ታሊያቴሌ የሚባለውን ጠፍጣፋ ፓስታ ካገኘሽ ከሩዙ ይልቅ ለዋናው ይቀርባል። ካላገኘሽ የተለመደው ስፓጌቲ ይሁን፣ ፓስታ ያልገባበት የድሬ ቤት መቼም የለም። አንድ ዘዴ ልንገርሽ፦ በሚቀቀልበት ውሃ ላይ ለ1 ሊትር 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪ። ቀለሙ ቢጫ ይላል፣ ሲነከስም እንደ ኑድል ሳብ ሳብ ይላል። ሶዳው አረፋ አንስቶ ሊገነፍል ስለሚችል ድስቱ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ፓስታውን ካወጣሽ በኋላም በውሃ አለቅልቂው፣ ያለዚያ ሳሙና ሳሙና ይላል። በ5 ደቂቃ የሚደርሰው ኢንዶሚም ለቸገረው ይሆናል፣ ውስጡ ያለችውን የቅመም ከረጢት ግን ጣያት። የትኛውም ቢሆን ሾርባው ውስጥ አይቀቀልም። ያንቺው ሙጫ ግማሹ ከዱቄቱ ቢሆን፣ ግማሹ ከፓስታው የወጣ ስታርች ነው።

ከተቀቀለው ላይ አንድ እፍኝ አስቀሪና በጨርቅ ላይ ዘርግተሽ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በጋለ ዘይት ወርቃማ እስኪሆን ጥበሺው። ከላይ የሚነሰነሰው ይሄ ነው፣ ያለሱ ካው ሶይ አይባልም። እርጥብ ሆኖ ዘይት ውስጥ ከገባ ይረጫል፣ ፊትሽን ጠብቂ፣ ልጆችንም አርቂ።

አብሮ የሚቀርበው ኮምጣጣ ጎመንም አይቅርብሽ፣ ስቡን የሚቆርጠው እሱ ነው። ታይዎቹ የሰናፍጭ ዘመድ የሆነ ጎመን ነው የሚያኮመጥጡት። የኛው የሐበሻ ጎመንም የዚያው ቤተሰብ ነው፣ ትንሽ የሚሰነፍጠው ለዚያ ነው። ግንዱን አትጣይው፤ ቀጠን አድርገሽ ክተፊው፣ በ1 የሻይ ማንኪያ ጨው እሺው፣ ውሃውን ሲያወጣ ጨምቂ፣ ግማሽ ኩባያ አቼቶ በ1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር በጥብጠሽ አፍስሺበት። በማግስቱ ይደርሳል። አጠገቡ የተከተፈ ጥሬ ቀይ ሽንኩርት፣ ግማሽ ሎሚ፣ የድንብላል ቅጠልና በዘይት የተጠበሰ ደቃቅ ሚጥሚጣ አስቀምጪ።

የኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ ከሁሉ በፊት ገንዘብሽን ስቡ ሙሉ በሆነ አንድ ቆርቆሮ ላይ አውጪ፣ በሌላው ሁሉ ቆጥቢ። ዛላው፣ ኮረሪማው፣ ፓስታው የሰፈርሽ ይሁን። ቆርቆሮ ከሌለ ደረቁን ኮኮናት ጨምቂ። ሁለቱም ከሌሉ በወተት ከምታስመስዪው ሌላ ቀን ሥሪው፣ የዛሬዋን ዶሮ ወጥ አድርጊያት።

ጣዕሙ እህትሽ ከበላችው ጋር አንድ አይሆንም። የዓሣ ሶሱ የለም፣ ትኩስ የተጨመቀው ኮኮናት የለም፣ የኑድሉ ሊጥም ይለያል። ይቀራረባል፣ ያ ይበቃል።

ከተረፈሽ ሾርባውንና ፓስታውን ለያይተሽ አስቀምጪ፣ አብረው ካደሩ ፓስታው መረቁን ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ኮኮናት ያለበት ምግብ ቶሎ ይበላሻል፤ የድሬ ቀን ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ከ1 ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዪው፣ ፍሪጅ ውስጥም ከ3 ቀን አይለፍ። ግማሽ የተረፈ ቆርቆሮም ካለ ወደ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ገልብጪው፣ በተከፈተ ቆርቆሮው እንዳታሳድሪው። ስታሞቂው በለስላሳ እሳት ይሁን፤ እንዲያም ሆኖ ዘይቱ ከላይ ቢንሳፈፍ አትደንግጪ፣ አማስይና አቅርቢው።